አየር የሚነፋበት የኮምፖስት ሻይ፦ በ20 ሊትር ባልዲ ቤት ውስጥ አጠማመቁ

ጠላ ሲጠመቅ ጋኑ ተከድኖ ዙሪያው ይመረጋል፤ አየር ከገባበት ይኮመጥጣል። ኮምፖስት (ብስባሽ) ውሃ ውስጥ ተነክሮ ለተክል የሚዘጋጀው የኮምፖስት ሻይ የሚበላሸው ግን በግልባጩ፣ አየር ሲያጣ ነው። ባልዲው አፉን ከፍቶ ቀንና ሌሊት አየር ይነፋበታል። ኮምፖስቱ ውስጥ ያሉት ኦክስጅን ፈላጊ ባክቴሪያዎች፣ ፈንገሶችና እነሱን እየበሉ የሚኖሩ ፕሮቶዞዋ የሚባሉ ባለ አንድ ሴል ፍጥረታት ከፍርፋሪው ላይ ታጥበው ወደ ውሃው ይገባሉ፤ ትንሽ ስኳር ያገኛሉ፤ ይራባሉ። ከ24 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሻዩ ይደርሳል፤ ከዚያ በሰዓታት ውስጥ አፈር ላይ ወይም ቅጠል ላይ መዋል አለበት።

ከመጀመራችሁ በፊት ግን ይህ ማዳበሪያ እንዳልሆነ እወቁ። አንድ ባልዲ ሻይ የሚወጣው ከአንድ ሊትር ኮምፖስት ነው፤ በዚያ አንድ ሊትር ውስጥ ያልነበረ ናይትሮጅን ወይም ፎስፈረስ ፓምፕ ስለተነፋበት አይፈጠርም። የቅጠል በሽታን ይከላከላል የሚባለውም ቢሆን የምርምር ውጤቱ የተዘበራረቀ ነው፤ በአንዱ ኮምፖስት የሠራው በሌላው አልሠራም። ክረምት ላይ የቲማቲምና የድንች ቅጠል የሚያጠቁረውን በሽታ በሻይ አቆማለሁ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ማሳውን ያጣል። በቂ ኮምፖስት ያለው ሰው መደቡ ላይ ሁለት ጣት ውፍረት ቢያለብስና ፓምፑን ቢተወው የተሻለ ይጠቀማል። ሻይ የሚያዋጣው ጥሩ ኮምፖስት በጥቂቱ ላለው፣ ብዙ ማሰሮ አበባና ችግኝ ለሚያበቅል፣ አፈሩ ደክሞ ሕይወት የጎደለው ለሆነበት ሰው ነው።

ኮምፖስቱ፦ ሥራው ግማሹ እዚህ ነው

ባልዲው ውስጥ የሚባዛው ኮምፖስቱ ውስጥ ያለው ነው። ጥሩው ካለ ጥሩው ይባዛል፤ የሆድ በሽታ ጀርም ካለበትም እሱ አብሮ ይባዛል። ስለዚህ ያልበሰለ ፍግ፣ ትኩስ እበትና የዶሮ ኩስ እዚህ ቦታ የላቸውም።

ከክምር የተሠራ ኮምፖስት ከሆነ ውስጡ ሞቆ ማለፍ አለበት። የአሜሪካ የኦርጋኒክ እርሻ ደንብ ለሚገላበጥ ክምር የሚጠይቀው ከ55 እስከ 77 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ለ15 ቀን፣ በነዚያ ቀናት ውስጥም አምስት ጊዜ መገላበጥ ነው። ቴርሞሜትር ከሌለ ረጅም ብረት መሃሉ ድረስ ሰክታችሁ አሥር ደቂቃ ያህል ተዉትና ስታወጡት ጨብጡት፤ እጃችሁ ካልቻለው ክምሩ በደንብ ሞቋል። የከተማ ግቢ ክምር አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሜትር ኩብ ስለሚያንስ እዚህ ሙቀት አይደርስም። እንዲህ ላለው ቤት በቀይ ትል የሚሠራው ቨርሚኮምፖስት ይሻላል። ትሎቹን የአትክልት ልጣጭ፣ የጎመን ቅጠልና የቡና አተላ አብሏቸው፤ እበት ካልሰጣችኋቸው የጀርሙ ስጋት በብዙ ይቀንሳል።

መብሰሉን ለማወቅ መጀመሪያ አሽትቱት። ዝናብ ጠብ ያለበት መሬት መሽተት አለበት። ሽንት ሽንት ካለ ወይም ከኮመጠጠ ገና ነው። ቀጥሎ እፍኝ ሙሉ ወስዳችሁ ጨምቁ፤ አንድ ወይም ሁለት ጠብታ ቢወጣው እርጥበቱ ልክ ነው። ዱቄት እስኪሆን የደረቀ ኮምፖስት ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን አብዛኞቹ አንቀላፍተዋል፤ ለሻይ ከመዋሉ ከሦስት ቀን በፊት ውሃ እየረጫችሁ ቀስቅሱት። የጠረጠራችሁትን ኮምፖስት ደግሞ በላስቲክ ከረጢት አጥብቃችሁ ቋጥራችሁ ለሦስት ቀን አስቀምጡት፤ ስትፈቱት የሚያስነጥስ ሽታ ከወጣ ለክምሩ መልሱት።

ከሁሉ የሚያስተማምነው ግን የፌጦ ፈተና ነው። ኮምፖስት የሚመረምሩ ላቦራቶሪዎች ለዚህ ሥራ የመረጡት ዘር ይኸው ገበያ ላይ የምንገዛው ፌጦ ነው፤ ቶሎ ይበቅላል፣ ያልበሰለ ኮምፖስት የሚያወጣውን አሞኒያና አሲድ አይችልም። አንድ ስኒ ኮምፖስት በአምስት ስኒ ውሃ አማስላችሁ አንድ ሰዓት ካቆያችሁ በኋላ አጥልሉት። ሁለት ሳህን ላይ ሶፍት አጣጥፋችሁ አንጥፉ፤ አንዱን በዚህ ውሃ፣ ሌላውን በንጹሕ ውሃ አርሱት፤ በእያንዳንዱ ላይ 20 ፍሬ ፌጦ አራርቃችሁ አስቀምጡ። ፌጦ ውሃ ሲነካው ወዲያው የሚያሙለጨልጭ ሽፋን ስለሚያወጣ ከተቀመጠ በኋላ አትነካኩት። ሳህን ደፍታችሁ ሞቅ ያለ ቦታ ላይ ሦስት ቀን ተዉት። ንጹሕ ውሃው ላይ 19 በቅለው የኮምፖስቱ ላይ 16 እና ከዚያ በላይ ከበቀሉ፣ ሥራቸውም ነጭና እኩል ርዝመት ያለው ከሆነ ኮምፖስቱ ደርሷል። ቁጥሩ እኩል ሆኖ የሥሩ ጫፍ ቡናማ ከሆነና አጥሮ ከተጠቀለለ አልደረሰም፤ ብቅለት ብቻ ቆጥሮ ሥሩን ያላየ ሰው እዚህ ላይ ይታለላል።

ፓምፑና ባልዲው

ባልዲው 20 ሊትር የሚይዝ የምግብ ዘይት ወይም የቀለም ባልዲ ሊሆን ይችላል፤ የቀለሙ ግን ውሃ ቀለም የነበረበትና ሙልጭ ብሎ የታጠበ ይሁን። አናቱ የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካንም ይሠራል፤ ማዕዘኖቹ ውስጥ ግን ደለል ስለሚተኛ ክብ ባልዲ ይመረጣል። ኬሚካል የተያዘበት ዕቃ አይሆንም፤ ቢታጠብም አይሆንም።

ፓምፑ ለዓሣ ማሳያ ገንዳ የሚሸጠው የአየር ፓምፕ ነው። እዚህ ላይ አትቆጥቡ። ለትንሽ ገንዳ የሚሆነው፣ በደቂቃ ከ2 እስከ 3 ሊትር የሚነፋው፣ ባልዲውን አረፋ ያስመስለዋል እንጂ አይበቃውም። ለ18 ሊትር ውሃ የምትፈልጉት በደቂቃ ከ10 እስከ 15 ሊትር አየር የሚሰጥ፣ ሁለት ወይም አራት መውጫ ያለው ነው። 15 ዋት የሚበላ ፓምፕ በ36 ሰዓት ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሚወስድ የመብራት ወጪው አያሳስብም።

ደጋ ላይ ለሚኖር ሰው ትልቁ ፓምፕ ቅንጦት አይደለም። ባሕር ጠለል ላይ ያለ 20 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በአንድ ሊትር እስከ 9 ሚሊግራም ኦክስጅን ይይዛል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ስለዚህ ያው ውሃ የቱንም ያህል ቢነፋበት ከ6.8 ሚሊግራም ብዙ አያልፍም። ሻይ ጠማቂዎች ደግሞ ኦክስጅኑ ከ6 ሚሊግራም እንዳይወርድ ይመክራሉ። ውጭ አገር የተጻፈ አዘገጃጀት ይዞ ሁለትና ሦስት ማንኪያ ሞላሰስ (የስኳር ዝቃጭ) የሚጨምር ሰው እዚያ ሦስት ሚሊግራም መጫወቻ አለው፤ እኛ ጋ አንድ እንኳ አይሞላም። ፓምፑ ትልቅ፣ ስኳሩ ትንሽ መሆን ያለበት በዚህ ምክንያት ነው። ውሃው ቀዝቀዝ ሲል ብዙ ኦክስጅን ይይዛል፤ በ15 ዲግሪ አዲስ አበባ ላይ 7.5 ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ግን ተሕዋስያኑም ይዘገያሉ።

አየሩን ወደ ውሃው የሚበትኑት ቱቦው ጫፍ ላይ የሚሰኩት፣ ጥቃቅን ቀዳዳ የበዛባቸው የአየር ድንጋዮች ናቸው። ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋይ ባልዲው ወለል ላይ አኑሩ፤ አንዱ መሃል፣ አንዱ ጠርዝ። ክብደት ከሌላቸው ስለሚንሳፈፉ ከንጹሕ ጠጠር ጋር እሰሯቸው። ውሃው ከታች ወደ ላይ መገላበጥ አለበት። ይህን ለማየት ቁንጥር የኮምፖስት ፍርፋሪ ጣሉበትና ተከተሉት፤ ወለሉ ላይ ሄዶ የሚተኛበት ጥግ ካለ እዚያ አየር አይደርስም፤ መጀመሪያ የሚገማውም እሱ ነው። ድንጋዩን አዛውሩት።

ፓምፑን ሁልጊዜ ከባልዲው አፍ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ መደርደሪያ ላይ ወይም ምስማር ላይ። መሬት ላይ ከተቀመጠ መብራት በጠፋ ጊዜ ውሃው በቱቦው ተመልሶ ፓምፑ ውስጥ ይገባል፤ መብራት ሲመጣ ወይ ፓምፑ ይቃጠላል ወይ ሰው ይነዝራል። ቼክ ቫልቭ የምትባል፣ አየርን ወደ አንድ ወገን ብቻ የምታሳልፍ ትንሽ ፕላስቲክ ቱቦው መሃል ብትገባ ደግሞ የበለጠ ያስተማምናል። ፓምፑ የሚሰካበት የመብራት ዲቫይደርም መሬት ላይ አይዋል፤ አረፋ ገንፍሎ የሚወርደው እዚያው ነው።

ለኮምፖስቱ ከረጢት ያስፈልጋል። አቡጀዲ በጣም ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ውሃ ያሳልፋል እንጂ የፈንገስ ክር እንደ ልብ አያሳልፍም፤ ውስጡም ይታፈናል። የሽንኩርት ጆንያ ደግሞ በጣም ሳሳ፤ ሁለት እጥፍ ካልተደረገ ሁሉን ይለቃል። ደህናው መካከለኛው ነው፦ የመስኮት ትንኝ መከላከያ ወንፊት ዓይነት ወይም ሰፋ ብሎ የተሸመነ ስስ ሻሽ። ከረጢቱ ከኮምፖስቱ መጠን ሦስት እጥፍ ይስፋ፤ ጠቅጥቃችሁ ካሰራችሁት መሃሉ አየር አያገኝም። ያለ ከረጢት በቀጥታ ለቅቆ መጨረሻ ላይ ማጥለልም ይቻላል፤ እንዲያውም ብዙ ተሕዋስያን ይታጠቡለታል። መርጨት ካሰባችሁ ግን ሁለት ጊዜ ማጥለሉን አስቡበት።

ውሃ

የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን የተቀመጠው ልናራባ የፈለግነውን ለመግደል ነው። ሮቶ ውስጥ ጥቂት ቀን የቆየ ውሃ ክሎሪኑ በአብዛኛው አልቆለታል። ከቧንቧ በቀጥታ ከቀዳችሁት አፉ በተከፈተ ባልዲ 24 ሰዓት ተዉት፤ እየነፋችሁ ብታቆዩት ይፈጥናል። የዝናብ ውሃ ከንጹሕ ጣሪያ ከሆነ መልካም ነው፤ የክረምቱን የመጀመሪያ ዝናብ ግን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚወርድ አትቅዱት።

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ለሚኖር አንባቢ ጉዳዩ ይለያል። እዚያ ውሃው የሚታከመው አብዛኛውን ዓመት ክሎራሚን በሚባለው የክሎሪንና የአሞኒያ ውሕድ ነው፤ ክሎራሚን ደግሞ ውሃን በማሳደር አይበንም። መፍትሔው ቫይታሚን ሲ ነው፤ ከፋርማሲ የሚገዛ አንድ 500 ሚሊግራም ክኒን ደቁሳችሁ 20 ሊትር ውስጥ ብታሟሙት በደቂቃዎች ይጨርሰዋል፤ ይበዛል እንጂ አያንስም። ለክሎሪንም ይሠራል፤ ስለዚህ የቸኮለ ሰው አዲስ አበባም ላይ ሊጠቀምበት ይችላል።

ምግቡ

ሞላሰስ ከስኳር ፋብሪካ የሚወጣው ጥቁር ወፍራም ዝቃጭ ነው፤ ከብት አርቢዎች ከመኖ ጋር ስለሚቀላቅሉት መኖ መሸጫ ይገኛል። ለ18 ሊትር ውሃ ደጋ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ባሕር ጠለል አጠገብ ካላችሁና ፓምፑ ጠንካራ ከሆነ እስከ ሁለት። ሞላሰስ ካጣችሁ ያው አንድ ማንኪያ ያልነጣ ስኳር አሟሟችሁ ጨምሩ። ማንኪያው ሲበዛ ባክቴሪያው በሰዓታት ውስጥ ፈልቶ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፤ ከዚያ አየር የማይፈልጉት ይነሱና ሻዩ ይገማል። የሚበላሽ ሻይ አብዛኛው የሚበላሸው በዚህ ነው።

ማር አትጨምሩ። ማር ውሃ ሲያገኝ ጀርም የሚገድል ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያወጣል፤ እሱ ሲያልፍ ደግሞ እርሾው ይነሳል፤ እኛ ደግሞ ጠጅ እየጣልን አይደለም። አመድም አይገባም፤ ውሃውን በአንድ ጊዜ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ያደርገዋል።

ለፍራፍሬ ዛፍና ለጽጌረዳ ፈንገስ የሚበዛበት ሻይ ይመረጣል። ፈንገስ ግን ባልዲ ውስጥ ብዙም አይራባም፤ ቀድሞ ኮምፖስቱ ላይ መነሳት አለበት። አንድ ሊትር እርጥብ ኮምፖስት ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የአጃ ዱቄት በትናችሁ በእጅ አፍተልትሉት፤ ሰፊ ሳህን ላይ አስጥታችሁ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ ሞቅ ያለ ጨለማ ቦታ አኑሩት። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ጨርቁን ስትገልጡት ፍርፋሪዎቹን እርስ በርስ የሚያያይዝ፣ የተነደፈ ጥጥ የመሰለ ነጭ ክር ካያችሁ ለባልዲው ደርሷል። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሻጋታ ከሆነ ዱቄቱ በዝቷል ወይም ውሃው በዝቷል።

አጠማመቁ

ሰዓቱን ከመጨረሻው ወደ ኋላ ቁጠሩ። ሻይ የሚረጨው ፀሐይ ሲበርድ ነው፤ ስለዚህ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ እንዲደርስ አስቡ። የውሃው ሙቀት ከ20 እስከ 22 ዲግሪ ከሆነ 24 ሰዓት ይበቃል፤ በዋዜማው ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሩ። ከ16 እስከ 18 ከሆነ፣ አዲስ አበባ ቤት ውስጥ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው፣ 36 ሰዓት ይፈልጋል፤ በዋዜማው ንጋት 11 ሰዓት ጀምሩ። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ባልዲውን ውጭ አታሳድሩ፤ ወጥ ቤት ይግባ። ድሬዳዋን በመሰለ ሞቃት ቦታ ውሃው 28 ዲግሪ ሲደርስ 18 ሰዓት ይበቃዋል፤ ጥላ ሥር አድርጉት።

ባልዲውን 18 ሊትር ሙሉና ከላይ አራት ጣት ያህል ለአረፋው ተዉ። ድንጋዮቹን አስቀምጣችሁ ፓምፑን ክፈቱ፤ ውሃው ለብቻው ግማሽ ሰዓት ይነፋ። ሞላሰሱን በአንድ ስኒ ለብ ያለ ውሃ አሟሟችሁ ጨምሩ፤ ወፍራሙን እንዳለ ከጣላችሁት ወለሉ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ አንድ ሊትር ኮምፖስት በከረጢቱ አድርጋችሁ፣ ከድንጋዮቹ በላይ እንዲንሳፈፍ ባልዲው አፍ ላይ በተጋደመ እንጨት አንጠልጥሉት። በእጃችሁ ለሁለት ደቂቃ ያህል እሹት፤ ውሃው ቡና ይመስላል።

ከዚህ በኋላ ሥራው ማሽተት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሞላሰሱ ጣፋጭ ሽታ ይገናል። ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ስስ አረፋ ይነሳል። በየስድስት ሰዓቱ ከረጢቱን ደግማችሁ እሹና ከፍ ዝቅ አድርጉት። ወደ መጨረሻው ጣፋጩ ሽታ ይጠፋል፤ ይህ ከሰዓቱም የበለጠ ምልክት ነው፤ ስኳሩ ተበልቷል ማለት ነው። አሁንም ጣፋጭ የሚሸት ሻይ አልደረሰም። ጣፋጩ ጠፍቶ እርጥብ አፈር ሲሸት ደርሷል። ከዚያ በኋላ ብዙ ማቆየት ጥቅም የለውም፤ ምግባቸውን የጨረሱት እርስ በርስ መበላላት ይጀምራሉ።

አረፋ መብዛቱ ጥራት አይደለም፤ ማነሱም ጉድለት አይደለም። ትል የበዛበት ኮምፖስትና ብዙ ሞላሰስ አረፋ ያበዛሉ። ከገነፈለ ሁለት ሦስት ጠብታ የምግብ ዘይት ጣሉበት፤ ይተኛል።

መብራት ሲጠፋ

የጠፋበት ሰዓት ወሳኝ ነው። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ከሆነ ተሕዋስያኑ ገና ጥቂት ስለሆኑ አንድ ሁለት ሰዓት ቢቆዩ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ከ12ኛው ሰዓት በኋላ ግን ባልዲው ሞልቷል፤ ኦክስጅኑ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሊያልቅ ይችላል። ሌላ ባልዲ አምጥታችሁ ሻዩን ከደረት ከፍታ አሥር ጊዜ ያህል እያገላበጣችሁ ቅዱት፤ በየ15 ደቂቃው ድገሙ። ከረጢቱን በዚህ ጊዜ አውጥታችሁ አንጠልጥሉት፤ ቀድሞ የሚታፈነው እሱ ነው። ከ20ኛው ሰዓት በኋላ ከጠፋ መብራት አትጠብቁ፤ ያለውን አጥልላችሁ ወዲያው አፈር ላይ አፍስሱት። ሌሊት ጠፍቶ ጠዋት ያገኛችሁትን ባልዲ ግን ፓምፑን መልሳችሁ አታስነሱት፤ ሽታው ቢመለስም ውስጡ የተባዛው ምን እንደሆነ አይታወቅም። ከተክል ራቅ አድርጋችሁ ክምሩ ላይ ድፉት። መብራት የሚመላለስበት ሰፈር ያለ ሰው በፓወር ባንክ የምትሠራ ትንሽ ፓምፕ በመጠባበቂያነት ቢይዝ አይጸጸትም፤ ብቻዋን አትጠምቅም፣ ጥቂት ሰዓት ግን ታሻግራለች።

የኮምጣጤ፣ የተበላሸ እንቁላል ወይም የትፋት ሽታ ያለው ሻይ በማንኛውም ሰዓት ይደፋል። በውሃ ቀጥኖ አይድንም።

አጠቃቀም

ፓምፑ ከተዘጋ በኋላ ያላችሁ ጊዜ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ ከድኖ ለጎረቤት መላክ አይሆንም፤ ታፍኖ ይደርሳል፣ ሲከፈትም ሊፈነዳ ይችላል።

አፈር ላይ ሲፈስ በእኩል መጠን ክሎሪን በሌለበት ውሃ አቅጥኑት። ለማሰሮ አበባ አንድ ሊትር፣ ለቲማቲም ወይም ለቃሪያ እግር አንድ ሊትር፣ ለሚተከል ችግኝ ጉድጓዱ ውስጥ ሩብ ሊትር። አንድ ባልዲ ተቀጥኖ ከ10 እስከ 15 ካሬ ሜትር መደብ ያጠጣል። አፈሩ ቀድሞ እርጥብ ይሁን፤ ደረቅ አፈር ላይ የፈሰሰ ሻይ ከላይ ቀርቶ ይደርቃል። በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንዴ ይበቃል።

ቅጠል ላይ የሚረጨው በሻሽ ሁለት ጊዜ ይጥለል፤ የመርጫው አፍንጫም ሰፋ ያለ ይሁን። ፀሐይ ተሕዋስያኑን ስለሚገድል ወይ ጠዋት ማለዳ ወይ ማምሻ ላይ የቅጠሉን ጀርባም አዳርሱ። የመርጫውን ነገር ጠበቅ አድርጉት፦ ጤፍና ስንዴ ላይ የአረም መድኃኒት የተረጨበትን መርጫ ለዚህ አትጠቀሙ። ቱ ፎር ዲ የተባለው የአረም መድኃኒት የነካው መርጫ ታጥቦም ጥቂት ይቀርበታል፤ ቲማቲም ደግሞ ለዚህ መድኃኒት እጅግ ስሱ ነው፤ ቅጠሉ ተጠቅልሎ ግንዱ ይጣመማል፣ ጥፋቱም ለሻዩ ይሰጠዋል።

ጥሬ የሚበላ አትክልት ላይ ሕጉ ጠንከር ይላል። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ሥር በቤልትስቪል የሚሠሩ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ሞላሰስን የመሰሉ ተጨማሪዎች የገቡበት ሻይ ኢ. ኮላይንና ሳልሞኔላን የመሰሉ የሆድ በሽታ ጀርሞችን ሊያራባ እንደሚችል አሳይተዋል። ከዚያ ቀደም እ.ኤ.አ. በ2004 የአገሪቱ ብሔራዊ የኦርጋኒክ ስታንዳርድ ቦርድ ግብረ ኃይል ያቀረበው ሐሳብም ከዚህ ጋር ይስማማል፦ ተጨማሪ ምግብ ገብቶበት ያልተመረመረ ሻይ እንደ ጥሬ ፍግ ይቆጠር፤ የሚበላው ክፍሉ አፈር ለሚነካ ሰብል ከመሰብሰቡ 120 ቀን፣ ለማይነካ 90 ቀን በፊት ይቁም። ሰላጣ በሁለት ወር የሚደርስ ስለሆነ ይህ በተግባር ሲታይ ሰላጣ ላይ ስኳር የገባበት ሻይ ፈጽሞ አይዋል ማለት ነው። ካሮትም እንዲሁ። ለነዚህ ከፈለጋችሁ ሞላሰሱን ትታችሁ፣ በመጠጥ ውሃና በበሰለ ኮምፖስት ብቻ የተነፋ ሻይ አፈሩ ላይ አፍስሱ። ጎመን ተቀቅሎ ስለሚበላ ስጋቱ ያንሳል፤ ቢሆንም ቅጠሉ ላይ ሳይሆን ሥሩ ላይ ይሁን። ስትረጩ አፍና አፍንጫ ሸፍኑ፤ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

እጥበቱ

ባልዲው እንደተገለበጠ፣ ሳይደርቅ ይታጠብ። ግድግዳው ላይ የሚቀረው የሚያሙለጨልጭ ሽፋን ከደረቀ በኋላ ተፍቆም አይለቅም፤ በሚቀጥለው ጥመቃ ላይም አየር የማይደርስበት መደበቂያ ይሆናል። በሳሙናና በብሩሽ ካሻችሁ በኋላ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ አድርጋችሁ አሥር ደቂቃ አቆዩት፤ ሽታው እስኪጠፋ አለቅልቁት። በረኪናን ከአቼቶ ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ቱቦዎቹ ውስጣቸው ካጠቆረ ለውጧቸው፤ ርካሽ ናቸው።

የአየር ድንጋዮቹን በ3 ከመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ውስጥ አሳድሯቸው። ጠዋት ንጹሕ ውሃ ውስጥ ከታችሁ በፓምፑ ንፉባቸው፤ አረፋው ከሁሉም ፊታቸው እኩል ከወጣ ፀሐይ ላይ አድርቁና አስቀምጧቸው። ከአንድ ጎን ብቻ የሚተነፍስ ድንጋይ ተደፍኗል፤ ጣሉት። ከረጢቱ ውስጥ የቀረው ኮምፖስት ገና ብዙ ነገር አለው፤ ማሰሮዎቹ ላይ በትኑት ወይም ለትሎቹ መልሱት።